«አባትህ ሲመጣ ታያለህ!»

ከአንዲት የአዲስ አበባ እናት የደረሰን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ እንዲህ ይነበባል፦

«የስምንት ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ስለሚመላለስ በወር ውስጥ ቤት የሚያድረው ጥቂት ሌሊት ብቻ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤት የምገባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ የቤት ሠራተኛም አለችን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ፣ ከግቢ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባን ወዲህ፣ ወንዱ ልጄ የማላውቀው ልጅ ሆኖብኛል። እኅቱን ይመታል፣ ሠራተኛዋን ይሰድባል፣ ስልክ ከተከለከለ በር ይረግጣል፣ ያገኘውን ይወረውራል። ባለፈው ማክሰኞ የወረወረው ብርጭቆ የእኅቱን ግንባር የሳተው ለጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ስጠይቅ ግን ‹ጭምት ልጅ ነው› ይሉኛል። ቁንጥጫውም፣ ማንበርከኩም፣ የአባቱ ቀበቶም አልበገረውም። አማቴ ጠበል እንውሰደው ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ገጠር ወንድሜ ዘንድ ልኬው ከብት ሲጠብቅ ይከርማል፣ ያኔ ልክ ይገባል› ብሎ ቆርጧል። መላው ጠፍቶኛል።»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ ያነበብኩት አንድ መስመር አለ፤ በትምህርት ቤት «ጭምት ልጅ ነው» እንደሚሉሽ የጻፍሽውን። አንቺ ይህን የጻፍሽው በምሬት ነው፤ ለእኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ተስፋ የሰጠኝ እሱ ነው። ልጅሽ ራሱን መግዛት ይችላል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ብዙ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሳይመታ፣ ሳይሳደብ፣ ሳይወረውር ይውላል። ይህን የሚችል ልጅ ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ ሲገባ ምን ያገኘዋል? የመልሱ ትልቁ ክፍል የማክሰኞውን ምሽት በዘረዘርሽበት ገጽ ላይ አለ።

ለአንባቢዎች ላሳጥረው። ልጁ አሥር ሰዓት ላይ በሰርቪስ ይገባል፤ የአያቱን ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። አንቺ አንድ ሰዓት ላይ ደክመሽ ትገቢና በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ታልፊያለሽ። እዚያው ሆነሽ «ስልኩን አስቀምጥና የቤት ሥራህን ሥራ» ትያለሽ። ዝም ይላል። ትደግሚያለሽ፤ አሁንም ዝም። አምስተኛው ላይ ትጮኺና መጥተሽ ስልኩን ትነጥቂዋለሽ። በሩን በእርግጫ ይለዋል፤ ጎረቤት ወጥቶ ያያል። አማትሽ «ኧረ ስጪው ልጄ፣ ትንፋሹ ሊቆም እኮ ነው!» ይላሉ። ብርጭቆው ይወረወራል። ትቆነጥጪዋለሽ፤ እሪ ይላል። አያቱ አቅፈው መኝታ ቤታቸው ያስገቡትና ዝም እንዲል ስልኩን መልሰው ይሰጡታል። ሦስት ሰዓት ላይ አባቱ ይደውላል፤ የሆነውን ሲሰማ «ቆይ፣ መጥቼ አሳየዋለሁ» ይላል። የመጣው ቅዳሜ ነው። ቀበቶው የተፈታው ያን ዕለት ነው።

እስኪ ልጁ ከዚህ ምሽት የተማረውን እንቁጠር። እናቴ የመጀመሪያዎቹን አራት ጊዜ ስትናገር የምር አይደለችም፤ የምር የምትሆነው ስትጮኽ ነው። በር ስረግጥ አያቴ ከእኔ ጋር ትሆናለች። በደንብ ካለቀስኩ ስልኩ ይመለሳል። የሚያመኝ ነገር ደግሞ የሚመጣው ከአራት ቀን በኋላ፣ ምናልባት በሰላም ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ቅዳሜ ዕለት የስምንት ዓመት ልጅ ጀርባው ላይ የሚያርፈውን ቀበቶ ከማክሰኞው ብርጭቆ ጋር አያገናኘውም፤ የሚያገናኘው ከአባቱ መምጣት ጋር ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብዙ ዓመታት በየቤቱ የእንዲህ ዓይነት ልጆችንና የወላጆቻቸውን ውሎ ሲያስጠና ያየው ይህንኑ ነው። ልጁ ይጮኻል፣ ወላጅ ይሸነፋል፣ ጩኸቱ ይቆማል። ልጁ ስልኩን ያገኛል፤ ወላጅም ዝምታን ያገኛል። ሁለቱም ስለተጠቀሙ በማግስቱ ሁለቱም ያንኑ ይደግማሉ፣ ጩኸቱም በየጊዜው ከፍ ይላል። ማንም ሰው ክፉ ሳይሆን፣ ማንም ሳያስበው ቤቱ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ራስሽን መጥፎ እናት እያልሽ አትውቀሺ፤ አማትሽንም «አያት ያሳደገው ልጅ» እያልሽ አትውጊያቸው።

እንግዲህ ዋናውን ነገር ልናገር። ቅጣት ልጅን የሚያርመው ስለከበደ አይደለም። ትንሽ ሆኖ፣ ወዲያው መጥቶ፣ ዛሬም ነገም የማይቀር ሲሆን ነው። በቤታችሁ ያለው ቅጣት ተቃራኒው ነው፤ ከባድ ነው፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀራል።

የምትጀምሪው ከልጁ ሳይሆን ከአማትሽ ነው። እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ «እማዬ፣ እርስዎ ካልረዱኝ ይህን ልጅ ብቻዬን አልችለውም» ብለሽ ጀምሪ። የሚሰማሽን እውነት ነው የምትነግሪያቸው። ከእሳቸው የምትለምኚው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን። አንደኛ፣ ልጁ በሚጮኽበት ሰዓት ስልክ እንዳይሰጡት፤ ማቀፍ ይችላሉ፣ ማባበያ መስጠት ግን አይችሉም። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል ብዬ አላስብም፦ ልጁ ደግ ነገር ሲሠራ ወዲያው እንዲመርቁት። «እደግ፣ ተመንደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» የሚለው የአያት ምርቃት በብዙ ቤት የሚሰማው በበዓል ቀን ብቻ ነው። ለእኅቱ ውኃ ሲያቀብላት፣ የቤት ሥራውን ሳይነገረው ሲከፍት፣ ተናዶም ሳይመታ ሲቀር በስሙ ጠርተው ቢመርቁት፣ ከየትኛውም ከረሜላ የበለጠ ይሠራል። ምስጋና ልጅን ያበላሻል የሚለውን እምነት አውቀዋለሁ። አሁን ግን ልጅሽ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየው ሲያጠፋ ብቻ ነው፤ ይህ ነው እያበላሸው ያለው።

ቀጥሎ ሕጉን አሳንሱት። ስድቡን፣ ምግብ መምረጡን፣ ጫማ መወርወሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማረም አትሞክሪ። ለመጀመሪያው ወር በቤቱ አንድ ሕግ ይኑር፦ ሰው አይመታም፣ ዕቃ በሰው ላይ አይወረወርም። ተረጋግቶ ባለበት ሰዓት ቁጭ ብለሽ ንገሪው፤ ሕጉን ቢጥስ ምን እንደሚሆንም አስቀድሞ ይወቅ።

ሲመታ የሚሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ ዞር የምትይው ወደ ተመታችው ልጅ ነው። እሷን ካየሽ በኋላ እሱን በአጭሩ «መተሃታል፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ» ትይዋለሽ። ወንበሩ ኮሪደሩ ላይ፣ አንቺ የምታዪው ቦታ ይሁን። መጸዳጃ ቤት መቆለፍ፣ ጨለማ ክፍል ማስገባት፣ ማንበርከክ የለም። ብዙ ባለሙያዎች ለዕድሜው በዓመት አንድ ደቂቃ ይላሉ፤ ለእሱ ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም፣ አምስትም ይበቃል። በዚያ ሰዓት ማንም አያነጋግረው፣ ማንም አይምከረው፣ አይቆጣው። ምክር ደግሞ ትኩረት ነው፤ አንቺ ስታወሪ እሱ የሚፈልገውን እያገኘ ነው። ካልተቀመጠ አትታገዪው፤ የዚያን ዕለት ስልክ እንደሌለ አንድ ጊዜ ተናግረሽ ዞር በዪ፣ ቃልሽንም ጠብቂ። ጊዜው ሲያልቅ ያበላሸውን ያስተካክል፤ ለእኅቱ የወደቀውን አሻንጉሊት ያንሣላት፣ ያፈሰሰውን ይወልውል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ያበቃል። ለአባቱ በስልክ አይነገርም፣ ለጎረቤት አይወራም፣ በማግስቱ አይነሣም።

የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ይብሳል። እስከ ዛሬ አምስት ደቂቃ ያለቀሰ ሃያ ደቂቃ ያለቅሳል፤ የሠራለት መንገድ ድንገት ሲዘጋበት ጠንክሮ ይገፋዋል። ብዙ እናቶች «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚሉት እዚህ ላይ ደርሰው ነው። በዚያ ሰዓት ከተሸነፍሽ ሃያ ደቂቃ ማልቀስ እንደሚያዋጣ ታስተምሪዋለሽ። ለጎረቤትሽ አስቀድመሽ ብትነግሪ ጥሩ ነው፤ «ልጄን አመል እያስተውኩ ነው፣ ብትሰሙ አትደንግጡ» ብትያቸው ከበር ውጭ ያለው ዐይን አያሸንፍሽም።

ስልኩን በተመለከተ፣ በቁጣ ሰዓት መንጠቅና መመለስ ይቅር። የአማትሽ ስልክ ቁልፍ ይግባለት፤ ቁጥሩን አንቺና እሳቸው ብቻ እወቁት። የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ሳሎን ተቀምጦ፣ ሰው እያየው ይጠቀም። ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ንገሪው። «የቤት ሥራህን ካልሠራህ ስልክ የለም» ከማለት «የቤት ሥራህ እንዳለቀ ስልኩን ታገኛለህ» ማለት ይሻላል፤ ነገሩ አንድ ቢሆንም ሁለተኛው ለጠብ አይጋብዝም። ስታዢውም ከማድ ቤት አትጩኺ። አጠገቡ ድረስ ሄደሽ፣ በስሙ ጠርተሽ፣ ዐይኑን እያየሽ አንድ ጊዜ ተናገሪ። ከዚያ ዝም ብለሽ እዚያው ቁሚ። ደክሞሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ፤ ግን አምስት ጊዜ ከመጮኽ ይህ ይቀላል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ስትገቢ ማድ ቤቱ ሩብ ሰዓት ይጠብቅ። ቦርሳሽን አስቀምጠሽ ከልጁ ጋር ተቀመጪ። ስለ ትምህርት አትጠይቂው፣ አትገሥጪው፤ የሚስለውን እዪ፣ የሚያወራውን ስሚ። የዚያን ዕለት አጥፍቶ ቢቆይሽም ይህን ሩብ ሰዓት አትከልክዪው።

ሠራተኛዋን ይሰድባል ብለሻል። እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። እናንተ ትልልቆቹ እንዴት ትጠሯታላችሁ? በስሟ ነው ወይስ «አንቺ» እየተባለች? ስታጠፋ በልጆቹ ፊት ትሰደባለች? ልጁ ሰው መናቅን ከሰማይ አልተማረም። ከአሥር ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ልጆቹን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ በእሱ ፊት «እኔ ሳልኖር የእሷ ቃል የእኔ ቃል ነው» በዪ፤ አትመታውም፣ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ግን ትችላለች። ሲሰድባት ይቅርታ የሚጠይቀው አንቺን ሳይሆን እሷን ነው።

አሁን ወደዚያ ቤት መቀየር ልመለስ፤ ችግሩ ከዚያ ወዲህ መጣ ያልሽው በከንቱ አይደለም። ግቢ ውስጥ ሲሮጥ፣ ኳስ ሲለጋ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጣላና ሲታረቅ ያደገ ልጅ አሁን ከትምህርት ቤት መጥቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶበታል። ብዙ ሰው «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ይላል። አዎ ተገርፈናል፤ ነገር ግን ሜዳ ነበረን፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ይመክረን ነበር፣ አጎትና አክስት በየቤቱ ነበሩ። ያሳደገን ያ ሁሉ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ለልምጩ ብቻ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ ሠራተኛዋ ልጆቹን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ታች ታውርዳቸው፤ በብሎኮቹ መካከል ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አይጠፉም። ለአንድ ሰዓት ያህል ይሩጥ። እንቅልፉንም እዪ፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መተኛት አለበት። ለሰርቪስ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሣ ከሆነ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይደርስ አልጋ ላይ መሆን ይገባዋል።

የልጁ ጠባይ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለተለወጠ ሌላም የምትጠይቂው አለ። በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚጫወት መምህሩን ጠይቂ፤ አንዳንድ ጊዜ «ጭምት» የሚባል ልጅ ብቻውን የሚቆም ወይም በሌሎች የሚሠቃይ ልጅ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ ወይም በሕንፃው ላይ የሚፈራው ሰው እንዳለ ሳታስጨንቂው፣ ጨዋታ መካከል ጠይቂው። እንደ አዲስ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ከእንቅልፉ እየባነነ ከጮኸ፣ አንድን ሰው ሲያይ ከተደበቀ ጉዳዩ የቅጣት አይደለምና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ራሱን ወይም እንስሳን ሆን ብሎ የሚጎዳ ከሆነም እንደዚያው። ጆሮውንም ያስመርምሩት፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ እምቢተኛ ይመስላል። ካስፈለገ በሪፈር ወደ ሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ይልኳችኋል፤ ይህ ልጅን «እብድ» አያሰኝም።

ጠበሉን በተመለከተ አማትሽን አትከራከሪያቸው። አብራችሁ ሂዱ፣ ጸልዩለት። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ልጁ «ሰይጣን አለብህ» አይባል። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ካመነ ራሱን ለማረም ኃይል ያለው አይመስለውም።

ገጠር መላኩን ግን እቃወማለሁ። ክረምት ላይ ከአጎቱ ልጆች ጋር ሊጫወት፣ በደስታ ተሸኝቶ ቢሄድ እሰዬው። በጥፋት ምክንያት ተባርሮ ከሄደ የሚማረው ግን አጥፊ ልጅ ከቤት እንደሚወጣ ነው፤ እኅቱ ከእናቷ ጋር ስትቀር፣ እሱ ሲሰናበት። ትምህርቱም ይቋረጣል። ሲመለስ ደግሞ የሚጠብቀው ያው ሳሎን፣ ያው ስልክ፣ ያው አምስት ጊዜ የሚጮኽ ድምፅ ከሆነ ምን ተገኘ?

የቀረው የባለቤትሽ ጉዳይ ነው። ልጁን እንደሚወድ አልጠራጠርም፤ ከጋላፊ እስከ አዲስ አበባ መሪ ጨብጦ የሚያድረው ለእነሱ ነው። ቀበቶው ግን መቆም አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለት በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ160,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ አይተው ነበር፤ ያተኮሩትም በከባድ ድብደባ ላይ ሳይሆን ቂጥን በእጅ እንደ መምታት ባለው ቀላል ቅጣት ላይ ነው። በእሱም ቢሆን የሚመቱት ልጆች ይበልጥ ጠበኛ ሆነው ተገኙ እንጂ አልታረሙም። ቀበቶ ከዚያ ይብሳል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 አሳዳጊ በአደራ የተሰጠውን ልጅ ቢያሰቃይ ወይም ቢደበድብ በእስራት እንደሚቀጣ ይናገራል፤ ለወላጅ የተተወለት ከሕግ ጋር የማይጋጭ የማረም ሥልጣን ብቻ ነው። ይህን የምጠቅሰው ባልሽን እንድታስፈራሪበት አይደለም፤ የአባት መብት ነው ብሎ የሚከራከር ከሆነ እንዲያውቀው ነው።

«አባትህ ሲመጣ ታያለህ» የሚለው ዛቻም ከአንቺ፣ ከአማትሽም፣ ከሠራተኛዋም አፍ ይውጣ። አባት በወር ጥቂት ሌሊት የሚገኝ ሰው ሆኖ ሳለ እነዚያን ሌሊቶች የቅጣት ሌሊት ማድረግ ለአባትየውም ለልጁም ግፍ ነው። ሲደውል ልጁ ያን ዕለት የሠራውን አንድ መልካም ነገር ንገሪው፤ እሱም ስለዚያ ብቻ ያናግረው። ሲመጣ ደግሞ ልጁን ይዞት ወደ መኪናው ይውረድ። ጋቢና ውስጥ ያስቀምጠው፣ እንደ ሾፌር ረዳት ጎማ እየመታ ንፋሱን እንዲያይ ያድርገው፣ መስታወቱን አብረው ያጽዱ። ያን ቀን እኅቱን ቢመታ ከአባቱም የሚያገኘው ያው ወንበርና ያው ጥቂት ደቂቃ ይሁን። ይህን ሁሉ ግን ሰውየው ደክሞ በር ላይ ሲደርስ አትንገሪው፤ ጅቡቲ ጭነት ሲጠብቅ በሚውልበት ቀን ደውለሽ ረጋ ብለሽ አውሪው፤ ያኔ ለመስማት ጊዜ አለው።